ሦስት ሃይላንድ ባሕር

የአየሁሽን ሬሳ መጀመሪያ ያገኙት የግቢው ጥበቃ አባ ማተቤ ናቸው። ቀኑ ረቡዕ፣ የካቲት አንድ፣ ሁለት ሺህ አሥራ አምስት፤ ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል። ሸሕዲን የማያውቅ ሰው "በጠራራ ፀሐይ፣ በመንግሥት ቢሮ ውስጥ ሰው ተገድሎ እንዴት ማንም አያይም?" ይላል። የሚያውቅ አይጠይቅም። እኛ ቆላ ቢሮ በማለዳ ተከፍቶ ከአምስት ሰዓት ተኩል እስከ ዘጠኝ ይዘጋል። በዚያ መሃል ውሻም አይጮህም፤ ከተማው ሁሉ ጥላ ፈልጎ ይጋደማል።

አየሁሽ ግን ምሳ አልወጣችም ነበር። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት፤ በፋይል መደርደሪያዎቹ መካከል በግንባሯ ተደፍታለች። የተመታችው ማጅራቷን ነው። እግሯ ሥር ክንድ የሚያህል የትራክተር መፍቻ ወድቋል።

መፍቻውን ለማወቅ ምርመራ አላስፈለገኝም። ቢሮው ሁሉ ያውቀዋል፤ የደረበ ነው። ደረበ የትራክተር መካኒክ፣ የአየሁሽ ባል፣ የሁለት ሴት ልጆቿ አባት።

እኔ ኢንስፔክተር ካሰች ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰው ሲዋሽ ሳዳምጥ የኖርኩ ሴት ነኝና ቶሎ አላምንም። ባለቤቴ "አንቺ ቅዳሴ ላይም ዲያቆኑን ትመረምሪያለሽ" ይለኛል። ይበል። ሰውን ማመን ቀብሮ ነው።

ደረበን ከጋራዡ አስመጣሁት። እጁ በግሪስ ተለቅልቋል፤ ዐይኑ ደረቅ ነው። ደረቅ ዐይኑን አልወደድኩትም።

"መፍቻው ያንተ ነው?"

"የኔ ነው። ሰኞ ዕለት የቢሮዋ የብረት ቁም ሣጥን አልከፈት ብሏት ልከፍትላት ሄጄ እዚያው ረሳሁት።"

"ማክሰኞ ማታ ስትጣሉ ጎረቤት ሰምቷል። 'ጉድ ሠራኸኝ' እያለች ነበር አሉ። ምን ሠራሃት?"

የእጁን ግሪስ በሱሪው ጠረገ።

"ደረበ።"

"የቤታችን ጉዳይ ነው፣ ኢንስፔክተር።"

"ሬሳ ከወጣበት ወዲያ የቤታችሁ ጉዳይ የኔም ጉዳይ ነው።"

"የሰው ስም አለበት። አልናገርም።"

የሰው ስም ያለበት የባልና የሚስት ጠብ ስንት ዓይነት ነው? እኔ የማውቀው አንድ ዓይነት ነው፤ ያንኑ ጠረጠርኩ። በምሳ ሰዓት የት እንደነበረ ብጠይቀው "ትራክተር ሥር ተኝቼ" አለኝ። ማን አየህ ብለው "በዚያ ሙቀት ማን ማንን ያያል" አለኝ። እውነቱን ነው፤ ግን እውነት መሆኑ አይጠቅመውም።

ዓርብ ፍርድ ቤት አቀረብኩት። እስከ ሰኞ ሳምንት ቀጠሮ ተሰጠኝ፤ እስከዚያ ማስረጃ ካላቀረብኩ በዋስ ይወጣል።

ከፍርድ ቤት ስመለስ የጣቢያው በር ላይ አዛናው ቆሞ ጠበቀኝ። የአየሁሽ ታላቅ ወንድም ነው፤ ከሽንፋ የመጣ የሰሊጥ ገበሬ፤ ጠመንጃው ከትከሻው አይወርድም።

"ካሰች፣ ልቀቂው" አለኝ።

"ለምን?"

"እዚያ ውስጥ እያለ አላገኘውም።"

"አዛናው፣ ገና አልተጣራም። እሱ ላይሆን ይችላል።"

"መፍቻው የሱ፣ ጠቡ የሱ። እኔ የእናቴን ልጅ ቀብሬ ነው የመጣሁ። ሰኞ ሳምንት ይወጣል አሉኝ። ሰኞ እዚሁ ነኝ።"

ጠመንጃህን አስረክብ ብለው ፈቃዱን አውጥቶ አሳየኝ። ብቀማውስ? ሌላ አያጣም። እኛ አገር ደም እንደ ቀጠሮ ይጠበቃል። ሌሊቱን አልተኛሁም፤ ደረበ ገድሎ ከሆነ ማስረጃ የለኝም፤ ካልገደለ ደግሞ ሰኞ በር ከፍቼ ለጥይት የምሰጠው እኔ ነኝ።

መዝገብ ቤቱን እንደገና ፈተሽኩ። አየሁሽ በዚያ ሰሞን የሠራተኞችን የትምህርት ማስረጃ ከየኮሌጁ ከመጣው ዝርዝር ጋር እያመሳከረች ነበር። ጠረጴዛዋ ላይ አርባ ሦስት ፋይል መኖር አለበት፤ አርባ ነው ያለው። የጎደሉትን ሦስቱን ለየሁ። የአንደኛው ፋይል ባለቤት ዓምና ሞቷል። ሁለተኛው ሙኽታር የሚባል ሾፌር ነው፤ እግሩን ተሰብሮ ጎንደር ከተኛ ወር አልፎታል። ሦስተኛው የዕቅድ ባለሙያው ይድነቃቸው ነው። እሱ ደግሞ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ቀይ ባሕርን ሊያይ ሱዳን ነው ያለው።

ያን ጉዞ ሸሕዲ ውስጥ ያልሰማ የለም። የጂኦግራፊ መምህሩ ጌች፣ የጨርቅ ነጋዴው ሳጂድና ይድነቃቸው ድርቆሽና በርበሬ ቋጥረው፣ ከርካሽ ርካሹን መኪና እየመረጡ ፖርት ሱዳን ድረስ ሊሄዱ ነው ተብሎ ስንት ተሳቀባቸው። አሁን ያን መንገድ ጦርነት በልቶታል፤ ያን ጊዜ ግን ብር ያነሰው ሰው ባሕር አየሁ ለማለት የሚችልበት እሱ ብቻ ነበር።

አንዱ የሞተ፣ አንዱ የተሰበረ፣ አንዱ ባሕር ዳር። ሦስቱም ፋይሎች ወደ ማንም አልመሩኝም።

አባ ማተቤን ጠየቅኋቸው። ከጎጃም መጥተው ቆላ የሸበቱ ሰው ናቸው፤ መዋሸት አይሆንላቸውም።

"አባ፣ በምሳ ሰዓት ማን ገባ?"

"ማንም ልጄ። አንድ ጥጥ ለቃሚ ብቻ ከቧንቧው ውኃ ሊቀዳ ገባ፤ ጀሪካን ይዟል፤ ራሱን በሻሽ ጠቅልሏል።"

"ፊቱን አዩት?"

"ለውኃ የመጣን ሰው ፊቱን ምን ብዬ አያለሁ? በቀን አሥሩ ይመጣል። ሲወጣም አላየሁት፤ ሸለብ አርጎኝ ነበር።" አንገታቸውን ደፉ። "ባልተኛ ኖሮ ትተርፍ ነበር፤ እኔ ነኝ የበደልኳት።"

ሁለት ቀን ሙሉ የጥጥ እርሻዎቹን ዞርኩ። ከደጋ የወረደ ስንቱ ሠራተኛ ራሱን በሻሽ ጠቅልሎ ጀሪካን ይይዛል? ሁሉም። አቧራ ጠጥቼ ባዶ እጄን ተመለስኩ።

ሦስቱ መንገደኞች የተመለሱት በማግስቱ፣ ሰኞ ነው። የድንበሩ ድልድይ ላይ መርዶውን ሰምተው በቀጥታ ወደ ለቅሶው ድንኳን ሄዱ። ማክሰኞ አንድ በአንድ አስጠራኋቸው።

ጌች አፉ ስለ ባሕር ለመናገር እየተጣደፈ፣ ለቅሶ መሆኑ ትዝ እያለው ይመለሳል። በሽንኩርት ጭነት ላይ ተኝተው ከሰላ ከተማ መግባታቸውን፣ ሎካንዳ በሚሉት ርካሽ ማደሪያ ጣራ ላይ በገመድ አልጋ ማደራቸውን፣ ሱዋኪን ላይ የፈረሱትን ነጫጭ ቤቶች፣ ዓሣ አጥማጁ በነጻ የጠበሰላቸውን ዓሣ ነገረኝ።

"ይድነቃቸውስ?"

ስልኩን አውጥቶ ፎቶዎቹን ማገላበጥ ጀመረ። "አብሮን ነበር።"

"ባሕር ገባ?"

"ዳር ዳሩን። ዋና አይችልም።"

ፎቶዎቹን አየሁ። ስድሳ ምናምን ፎቶ፤ ባሕሩ ጋ ሁሌ ጌችና ሳጂድ ብቻ ናቸው። "የሚያነሳን እሱ ነበር" አለኝ ሳልጠይቀው። ሳይጠየቅ የሚመልስ ሰው ያሳክከኛል።

ሳጂድ ገባ። "ይድነቃቸው ባሕር ገባ?" አልኩት።

"ዳር ዳሩን። ዋና አይችልም።"

ቃል በቃል። ሁለት ሰው አንድ ነገር ሲያይ በሁለት አፍ ይናገራል፤ በአንድ አፍ ከተናገረ ተማክሯል። ግን ለምን? ጌች ዝንብ አይገድልም፤ ሳጂድም ለአየሁሽ ቀብር ጨርቁን በነጻ የሰጠ ሰው ነው።

መጨረሻ ይድነቃቸው መጣ። ረጋ ያለ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ። ስለ አየሁሽ ሲያነሳ ድምፁ ተሰበረ። ፓስፖርቱ ላይ የመውጫውም የመግቢያውም ማኅተም አለ። ባሕሩ እንዴት ነው ብለው "ሰማያዊ ነው፣ ማለቂያ የለውም" አለኝ። ይህንንማ እኔም ከቴሌቪዥን አውቀዋለሁ።

ጥርጣሬ ማስረጃ አይደለም። ሰኞ እየቀረበ ነው። አዛናው ከጣቢያው ፊት ለፊት ወዳለው ሻይ ቤት ጠዋት ይመጣል፣ ማታ ይሄዳል። ደረበ ምግብ መልሷል።

ዓርብ ጠዋት፣ የምይዘው ሲጠፋኝ፣ ወደ ይድነቃቸው እናት ወደ እማማ ወለተሥላሴ ቤት ሄድኩ። ምክንያቴ ጉልበታቸውን መጠየቅ ነው፤ ቁርጥማት አለባቸው። እሳቸውም አላሳፈሩኝ፤ ከርከዴ የሚሉትን ቀዝቃዛ ቀይ የአበባ ሻይ ሰጥተው ስለ ልጃቸው ማውራት ጀመሩ።

"የእናቱን ጉልበት አይረሳም። ይኸውልሽ፣ ባሕር አመጣልኝ።" ከአልጋው ሥር በሃይላንድ የተሞላ ውኃ አወጡ። "ለቁርጥማት ፍቱን ነው አለኝ። ጠዋት ማታ እታሽበታለሁ። ቅመሽው እስቲ፤ እግዜር እንደ ምስር ወጥ ነው ያጣፈጠው።"

በክዳኑ ቀመስኩ። እውነትም ጨዋማ ነው፤ ልክ ነው። እኔ ባሕር አላውቅም፤ የጣና ልጅ ነኝ። አመስግኜ ወጣሁ።

ከዚያ ወደ ትምህርት ቤቱ አለፍኩ፤ ጌችን እንደገና ላስጨንቀው ነው ሐሳቤ። ክፍል ውስጥ ነበር። እሱም በሃይላንድ ያመጣውን ባሕር ይዞ ተማሪዎቹን በጣት ጫፍ ያስቀምሳል። የቀመሱት ፊታቸውን አጨማደዱ፤ አንዷ ልትተፋ ሮጣ ወጣች።

"ኢንስፔክተር፣ ይቅመሱ" አለኝ እየሳቀ።

ቀመስኩ። አፌ ተኮማተረ፤ ጨው ብቻ አይደለም፣ ይመራል፣ ጉሮሮ ይይዛል። "ተበላሽቶ ነው?" አልኩት።

"ኧረ ባሕር እንዲህ ነው። እኔም መጀመሪያ ቀን ሊያስመልሰኝ ነበር።"

በቀጥታ ወደ ሳጂድ እናት ወደ እማማ ኩብራ ሄድኩ፤ ለሳቸውም እንዲሁ በሃይላንድ መጥቶላቸዋል። ቀመስኩ። ያው መራራ፣ ያው ጉሮሮ የሚይዝ። ከበረንዳቸው ላይ ቁጭ አልኩ።

ባሕር ቀምሶ የማያውቅ ሰው ባሕር ጨዋማ ነው ሲሉት ይሰማል። ስንት ጨው እንደሚይዝ ግን ከየት ያውቃል? ይድነቃቸው የቧንቧ ውኃ ሞልቶ፣ ለወጥ የሚበቃውን ያህል ጨው ጨምሮ ለእናቱ ሰጠ። ባሕር ያየ ሰው እንዲህ አይሳሳትም። ይድነቃቸው ባሕሩ ጋ አልደረሰም።

ጌችንና ሳጂድን አንድ ክፍል ውስጥ አስቀመጥኳቸው። "ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል" አልኳቸው፤ "የናንተ ስንቅ አልቋል። ይድነቃቸውን የት ተዋችሁት?"

ጌች እጁን ፊቱ ላይ አደረገ። ሳጂድ ነው የተናገረው።

"ገዳሪፍ፣ ከድንበሩ የግማሽ ቀን መንገድ ላይ። ማክሰኞ ጠዋት 'ሆዴን አመመኝ፣ እናንተ ሂዱ፣ ሎካንዳው ውስጥ ልተኛ' አለን። ስንመለስ እዚያው አገኘነው። 'ባሕር ሊያይ ሄዶ ገዳሪፍ ተኝቶ መጣ ብላችሁ የሸሕዲ መሳቂያ አታድርጉኝ፤ አብሮን ነበር በሉልኝ' አለን። አስማለን። ማልን።"

"ሰው ተገድሎ እየጠየቅኋችሁ?"

"ታሞ የተኛ ሰው ከሷ ሞት ጋር ምን ያገናኘዋል ብለን ነው" አለ ጌች። "የጓደኛ ሐፍረት መሸፈናችን ነው እንጂ... እግዜር ይመስክር።"

ጓደኛን ላለማሳፈር ሲሉ ደረበን ለአዛናው ጠመንጃ ሊያስረክቡ ነበር። ልጮህባቸው አሰብኩና ተውኩት፤ ፊታቸውን ሳየው ራሳቸው ገብቷቸዋል።

"ከመታመሙ በፊት ምን ተፈጠረ?"

ሳጂድ አሰበ። "ሰኞ ማታ በኔ የሱዳን ቁጥር ስልክ ተደወለ። ደረበ ነው፤ ያን ቁጥር የትራክተር ዕቃ ሲያስመጣ ያውቀዋል። ይድነቃቸውን አቅርብልኝ አለኝ። ይድነቃቸው ስልኩን ይዞ ወደ ውጭ ወጣ።"

ስልኩን ተቀብዬ አየሁ፤ ቁጥሩ የደረበ ነው፤ ከግድያው ሁለት ቀን በፊት። ባልየውና ገዳዩ ተነጋግረዋል ማለት ነው። አስገድሏት ይሆን? ሳምንት ሙሉ በልቤ ስከራከርለት የነበረው ሰው?

ሳጂድ ገዳሪፍ ያለ ዘመዱን ወደ ሎካንዳው እንዲልክ አዝዤ ወደ እስር ክፍሉ ሄድኩ።

ደረበ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል።

"ሰኞ ማታ ለይድነቃቸው ለምን ደወልክ?"

ቀና አለ። "ማን ነገረዎት?"

"እኔ ነኝ የምጠይቀው።"

እግሩን ሰበሰበ። "ዲፕሎማው የሐሰት መሆኑን ደርሳበት ነበር። ሰኞ በምሳ ላይ ጭንቅ ሲላት ነገረችኝ፤ ለማንም እንዳልናገር አስምላኝ። ሐሙስ ሪፖርቱን ልትጽፍ ነው። እኔ ሰውየውን አውቀዋለሁ፤ እናቱን አውቃቸዋለሁ። እንጀራው እንደዋዛ ከሚቆረጥ ቀድሞ መጥቶ ቢለምናት፣ ራሱ ሥራውን ቢለቅ ብዬ ደወልኩለት። ማክሰኞ ማታ ደውዬለታለሁ ስላት ነው ያ ሁሉ ጠብ። 'ጉድ ሠራኸኝ' ያለችኝ ለዚያ ነው።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"እሱ ባሕር ላይ ነው፤ ምን አጠፋ ብዬ ስሙን ላንሳ? የሷን ምስጢር አንዴ አውጥቻለሁ፤ ሞታ ደግሜ ላውጣው?"

ፊት ለፊቱ ቁጭ አልኩ። ከዚያ መናገር ግዴታዬ ነውና ተናገርኩ። "ደረበ፣ ይድነቃቸው ባሕር አልደረሰም። ገዳሪፍ ነው የቀረው።"

መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ሲገባው አየሁ፤ ማየት አልነበረብኝም። ያ ደረቅ ዐይኑ ሞላ። እንደ ሕፃን በሁለት እጁ አፉን ይዞ አለቀሰ። አስገድሏት ይሆን ብዬ መጠርጠሬ አሳፈረኝ።

ቅዳሜ ማታ ከገዳሪፍ መልስ መጣ፤ የሎካንዳው ባለቤት ያስታውሰዋል፤ ማክሰኞ ከሰዓት ወጥቶ ሐሙስ ነው የተመለሰው። እሑድ ጠዋት ይድነቃቸውን አስጠራሁና ፊቱ ሦስት ብርጭቆ ውኃ ደረደርኩ።

"ሁለቱ ብርጭቆ ጓደኞችህ ያመጡት ነው፤ አንዱ አንተ ለእማማ ያመጣኸው። ቅመስና የራስህን ለይ።"

ፈገግ ብሎ የመጀመሪያውን ተጎነጨ። ያን መራራ ወለሉ ላይ ተፋው። ሦስተኛውን ሲቀምስ ምን እንደሠራ ገባው፤ ብርጭቆውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

"ታምሜ ነበር" አለ። "አፍሬ ነው።"

"ማክሰኞ ከገዳሪፍ ወጥተሃል። ድልድዩን ትተህ በጓንግ ወንዝ መሻገሪያ ገባህ፤ የዚያን ቀን ማኅተም የለህም።"

"ልለምናት ነው የመጣሁት። እግሯ ላይ ወድቄ ለመንኳት። 'ነገ እጽፈዋለሁ፣ ለሁሉም የማደርገውን ላንተም አደርጋለሁ' አለችኝ። መፍቻው እዚያው ነበር።"

"ሊለምን የመጣ ሰው ፊቱን በሻሽ አይጠቀልልም፣ ይድነቃቸው።"

ከዚያ በኋላ አልተከራከረም። ሦስቱን ፋይሎች ከጓንግ ዳር ድንጋይ ሥር መርቶ አሳየን። ሌሎቹን ሁለቱን የወሰደው የሱ ብቻ ጎድሎ እንዳይለይ ነው። እጁን ሳስረው የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የውኃውን ነገር ለእናቱ እንዳልነግራቸው።

እሑድ ማታ ሻይ ቤት ሄጄ ለአዛናው ሁሉን ነገርኩት፤ ከስልኩ በስተቀር። ደረበንም አስጠነቀቅኩት። "የስልኩ ነገር መዝገብ ላይ አለ፤ ከመዝገብ አልሰርዘውም። አዛናው ግን መዝገብ አያነብም። አፍህን ያዝ። ልጆች አሉህ።" ራሱን ነቀነቀልኝ።

ሰኞ ጠዋት ከፍርድ ቤት አሰናብተነው ስንወጣ ደጁ በሰው ተሞልቷል። አዛናው ጠመንጃውን አጥሩ ላይ አስደግፎታል። ማጅራቱ ላይ ትልቅ ድንጋይ ተሸክሞ አጎንብሶ ቆሟል፤ ይቅርታ ሊጠይቅ።

"ደረበ፣ ሳላውቅ ደምህን ስፈልግ ከርሜያለሁ" አለ። "በድዬሃለሁ። ስለ እግዚአብሔር ማረኝ።"

የሚጠበቅበት አንድ ቃል ነው፤ ይቅር ማለትና ድንጋዩን ማውረድ። ደረበ አልተንቀሳቀሰም። ክንዱን ቆነጠጥኩት። "ይቅር በለው" አልኩት ቀስ ብዬ።

"አውርደው፣ አዛናው" አለ ደረበ። "አንተ የምትሸከመው የለም። ለይድነቃቸው የነገርኩት እኔ ነኝ። ምስጢር ብላ የነገረችኝን ስልክ ደውዬ የሰጠሁት እኔ ነኝ። እኔ ባልደውል ባሕሩን አይቶ ይመለስ ነበር፤ እሷም ዛሬ ቢሮዋ ነበረች።"

እጄ ሽጉጤ ላይ አረፈ። አዛናው እንዳጎነበሰ ቆየ፤ ጀርባው ብቻ ከፍ ዝቅ ይላል። ከዚያ ቀና አለና ወደ ጠመንጃው ተመለከተ። አየሁት፤ ሁሉም አየው።

ወደ ደረበ ሄደ። ድንጋዩን ከማጅራቱ አንሥቶ ደረበ ትከሻ ላይ አስቀመጠው።

"እንካ" አለው። "አልገድልህም። ይቅርም አልልህም። ልጆቿን አሳድግ።"

ጠመንጃውን አንሥቶ ወደ ሽንፋ መኪና መናኸሪያ ሄደ። እኔ ደረበን "አውርደው በቃ" አልኩት፤ አልሰማኝም። ድንጋዩን በሁለት እጁ ደግፎ፣ በዋናው መንገድ፣ በሰው መሃል ወደ ቤቱ መራመድ ጀመረ። ከኋላው ተከተልኩት። ደጁ እስኪደርስ አላወረደውም።